ኮምቦልቻ ያደረስኩት የሐዘን ቲሸርት

ባለፈው ቅዳሜ ያለቀ ሥራ ላስረክብ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር... እስካሁን ሳስበው ይሰቀጥጠኛል።

ለማታውቁኝ፣ እቤቴ ውስጥ ጨርቅ ላይ ፎቶ አትማለሁ። የትራስ ልብስ፣ የአልጋ ልብስ፣ ቲሸርት... ሰው ያመጣውን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ አጸዳና በልዩ ወረቀት አትሜ፣ በሙቀት መጫኛ ማሽን ጨርቁ ላይ አሳርፈዋለሁ።

በሳምንቱ መጀመሪያ አንዲት ጎልማሳ ሴት መጣች። የአባቷን ፎቶ ሰጠችኝና ለእህት ወንድሞቿ፣ ለልጆቻቸውም የሚሆን ነጭ ቲሸርት አዘዘች። ከፎቶው ሥር «አባታችን፣ ነፍስህን ይማር» ተብሎ እንዲጻፍ ነገረችኝ።

«እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አልኳት።

«አሜን።»

«ያረፉበት ቀንስ ይጻፍ?»

«እሱን ለጊዜው ተዪው።»

ሐዘንተኛ በጥያቄ አይጨቀጨቅም ብዬ ተውኩት።

ፎቶው ያረጀ የመታወቂያ ፎቶ ስለነበር ብዙ ደከምኩበት። ግንባራቸው ላይ ያለችውን ጠባሳ፣ የአገጫቸውን ስርጉድ... ፊታቸውን በቃሌ ያዝኩት ማለት ይቻላል።

ቅዳሜ ሠፈሯ ደርሼ ብደውልላት አታነሳም። ቤቱን ጠያይቄ አገኘሁትና በሩን አንኳኳሁ። ከዘራ የተደገፉ ሽማግሌ ከፈቱልኝ።

ጠባሳዋ ግንባራቸው ላይ ናት።

መንታ ወንድማማቾች ይሆናሉ ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። «ደሴ ሥራ ያዘዘችኝን ልጅ ፈልጌ ነበር... አጎቷ ነዎት?»

«አባቷ ነኝ። ግቢ ልጄ። ምን ይዘሽላት መጣሽ?»

«ልብስ ነው...» አልኩ። በኋላ እመለሳለሁ ልል ስል ፌስታሉን ከእጄ ወሰዱት። ተከትያቸው ገባሁ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አንዱን ቲሸርት አውጥተው ዘረጉት፣ ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙትና ቀስ እያሉ አነበቡት።

እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ልጅቷ ከጓዳ ብቅ አለች። መጀመሪያ የተናገረችው ለእሳቸው ሳይሆን ለእኔ ነው። «ሳትደውዪ ለምን መጣሽ?»

«ደውዬ ነበር፣ አላነሳሽም።»

ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «አባባ፣ ሐኪሙ ያለውን አንተም ሰምተሃል። የዚያን ቀን ግርግር ስለሚሆን ከአሁኑ ይዘጋጅ ብለን ነው።»

ድምጿ ላይ እፍረት አልነበረም። የሠርግ ድንኳን ስለመከራየት የምታወራ ነው የምትመስለው።

ሽማግሌው ቲሸርቱን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «ደግ አደረጋችሁ» አሉ። «ግን ይሄ ለመታወቂያ የተነሳሁት ነው፤ የተቆጣሁ እመስላለሁ። ከእናታችሁ ጋር የተነሳሁት አለ አይደል? እሱ ቢሆን...»

«አባባ፣ አንዴ ተሠርቷል እኮ።»

«እናታችሁ አብራ ብትታይ ብዬ ነው።»

«አሁን ማን ደግሞ ደሴ ድረስ ይመላለሳል?» አለችና ቲሸርቱን ከጉልበታቸው ላይ አንስታ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው።

አላስቻለኝም። «እኔ በነጻ ደግሜ እሠራላችኋለሁ። ፎቶውን ብቻ ስጡኝ» አልኩ።

ልጅቷ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ሽማግሌው ግን ፈገግ አሉ። እውነቱን ለመናገር ከቁጣዋ ይልቅ የእሳቸው ፈገግታ ነው የከበደኝ።

«ተዪው ልጄ» አሉኝ። «የምለብሰው እኔ አይደለሁም።»

ልጅቷ እስከ በር ሸኘችኝ። ይቅርታ የምትል መስሎኝ ነበር። «ለሰው እንዳታወሪ» ብላ በሩን ዘጋችው።

ሚኒባሱ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ መስኮት ጥግ ተቀምጬ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩት እናት ሰው የሞተብኝ መስሏቸው «አይዞሽ፣ ማን ነው ያረፈው?» አሉኝ። «ገና አላረፉም» ብላቸው ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

ከእንግዲህ ሰው የአባቱን ፎቶ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የቲሸርቱን መጠን አይደለም።