ሁለት ቢላ ያለው ጉባኤ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች ጉባኤ አለ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። እኔ በኮፒ ቤቴ የሰው ማመልከቻ እየተየብኩ የምኖር ሴት ነኝ። ጉባኤውን የጀመርነው እኔና ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔ እስካለሁ ደግሞ አይቀርም።

አንደኛው ጀውሃ አስፋልት ዳር ያለ ጎሚስታ ነው። የከባድ መኪና ሾፌሮች ጎማቸው እስኪጠገን ድረስ ጨረቃ ስለሚመላለስ ተሳቢ ያወራላቸዋል። ሌላዋ ከቀወት ሽንኩርት ይዘው ገበያ የሚመጡ እናት ናቸው። አንድ ቀን ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡና ከዘንቢላቸው ደብተር አወጡ። "ይቺንም ተይቢልኝ፤ ሰው እንዳያይብኝ ግን" አሉኝ። ወንዙ ደርቆ፣ ሰው ደመናን እንደ ላም እያለበ ስለሚጠጣበት ዘመን የጻፉት ነበር። እሱን ስተይብ ማመልከቻውን ረሳሁት።

የመጀመሪያው ዓመት ሦስታችን አንድ ጁስ ቤት ተቀምጠን የየራሳችንን አነበብን። ሕጋችን አንድ ብቻ ነበር፤ ታሪኩ የትም ይሂድ የት፣ ከአገራችን ከይፋት መነሣት አለበት። አስተናጋጇ ማንጎዋን ትታ ስትሰማን ጎሚስታው "ይኸው አራት ሆንን" አለ።

በሁለተኛው ዓመት ሃያ ያህል ሰው መጣ፤ ከማጀቴ ከተማ ድረስ። አዘጋጇ እኔ ነበርኩና እግሬ መሬት አልነካም። ቀኑ ዐቢይ ጾምንም ረመዳንንም እንዳይነካ ከሁለት ካላንደር አመሳክሬ አንድ እሑድ መረጥኩ። የቆላ ፀሐይ ከአራት ሰዓት በኋላ ቀልድ ስለማያውቅ ግቢዬ ውስጥ ዳስ አስጣልኩ። ፍየል ገዛሁ፤ አጎቴ በስመ አብ ብሎ አረደልኝ። የራሴንም ታሪክ አነበብኩ። ሺህ የይፋት ሰው በመርከብ ተሳፍሮ ሌላ ምድር ላይ ከተማ ሲቆረቁር የሚተርክ ነበር። ተጨበጨበልኝ።

ምሳ ሲቀርብ የዳሱ ግማሽ እጁን ታጥቦ ሳይቆርስ ተቀመጠ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባኝም። እኛ አገር ሠርግ ሲደገስ ሕፃን ልጅ እንኳ "ለሙስሊሞቹ ማን ያርዳል?" ብሎ ይጠይቃል። ክርስቲያኑ ለክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ ለሙስሊሙ ያርዳል፤ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ከዚያ በአንድ ዳስ ተቀምጦ ይበላል። እኔ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት የሚሆነውን ሳሰላ ይህን ረሳሁ። የቀወቷ እናት "አልሐምዱሊላህ፣ ጠግበናል" ብለው ተነሡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። በዚያ ሙቀት በባዶ ሆዳቸው ሄዱ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በሦስተኛው ዓመት ከቀወት ማንም አልመጣም። ስምንት ሆነን አነበብን። ጎሚስታው "ተይው በቃ፣ በመጣው ሰው እንቀጥል" አለኝ። እሺ አላልኩም። ግማሹ የሌለበት ጉባኤ የእኛ ጉባኤ አይደለም፤ እኒያን ሴት መመለስ ካልቻልኩ ደግሞ ሌሎቹም አይመለሱም። ሱቄን ዘግቼ ባጃጅ ያዝኩ፤ ባጃጁ ከቆመበት በእግሬ ማሽላው መሀል ገብቼ ቤታቸው ደረስኩ።

"እትዬ፣ ስለ ፍየሏ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው ገና ከደጅ።

"መጀመሪያ ግቢ። ፀሐይ ላይ ተቁሞ ይቅርታ አለ እንዴ?" ውኃ ሰጡኝና ጠጥቼ እስክጨርስ ጠበቁ። "ወላሂ፣ በፍየሏ አልተቀየምኩም። ሰው ይረሳል። እኔን የከነከነኝ ታሪክሽ ነው።"

"ታሪኬ ምን ሆነ?"

"ሺህ ሰው ጫንሽ አይደል? የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ጫንሽ፤ እዚያም ደርሰሽ ጥምቀትን አከበርሽ። እኔ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነበር። አዛን የሚል አንድ ሰው እንኳ አላሳፈርሽም። ምሳው እኛን ረስቶ ሲመጣማ ምኑ ይገርመኛል?"

ምላሴን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያን ቀን ግን አንገቴን ደፋሁ። ስወጣ "ይመጣሉ?" ብላቸው "አላህ ያውቃል" ብቻ አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ታሪኩን እንደ አዲስ ያዝኩት። መጀመሪያ አንድ ሼህ አሳፈርኩና መልሼ አነበብኩት። ሼሁ ለይሉኝታ የተጠሩ እንግዳ መስለው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ቀደድኩት። አራት ጊዜ ጻፍኩ፣ አራት ጊዜ ቀደድኩ። በአምስተኛው መርከቧን የምትመራ አንዲት የቀወት ሽንኩርት ነጋዴ መጣችልኝ። ማንንም የማትፈራ፣ ሁሉንም የምትቆጣ ሴት ናት። ያኔ ታሪኩ በራሱ መሄድ ጀመረ።

አራተኛው ጉባኤ ባለፈው ወር ነበር። ሁለት ፍየል ገዛሁ። አንዷን አጎቴ፣ አንዷን ሙስሊሙ ጎረቤቴ አረዱ፤ ቢላው ሁለት፣ ድስቱ ሁለት። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ፤ ከቀወት ማንም የለም። የማጀቴዎቹ ድስት ድስቱን ያያሉ።

"እነሱ ሳይመጡ ምሳ አይቀርብም" አልኩ።

"ኧረ ሰው በረሃብ ሊሞት ነው!" አለ ጎሚስታው።

"ይሙት!"

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ሦስት ባጃጆች ተከታትለው ደጄ ላይ ቆሙ። ከፊተኛው የቀወቷ እናት ወረዱ፤ ባለቤታቸው ደግሞ እግሯ የታሰረ ፍየል ታቅፈው ተከተሉ።

"ይቺ ምንድን ናት?" አልኩ።

"ምሳችን ናት። ያንቺን ነገር ማን ያምናል?"

ከዚያ ሁለተኛውን ድስት አዩት። ጎረቤቴ አጠገቡ ቆመው ቢላቸውን ይጠርጋሉ። እናትየዋ ክዳኑን አንሥተው መልሰው ከደኑትና ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። "ፍየሏን ፍቷት" አሉ። የተፈታችው ፍየል የዳሱን ቅጠል ስትበላ ዋለች፤ የከለከላትም አልነበረም።

ምሳ ተበልቶ ታሪኬን አነበብኩ። የቀወቷ እናት እስክጨርስ ከወረቀቱ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ቀድመው እጃቸውን አወጡ።

"ጥያቄ የለኝም" አሉ። "የሚመጣው ዓመት ጉባኤ ኢንሻአላህ እኔ ቤት ነው። አጎትሽን ይዘሽው ነይ፤ ቢላውን እንዳይረሳ።"