ከማሕሌት ያስወጣችኝ ሃሌ ሉያ

ጊዜው የጣሊያን ነው፤ አገሩ መንዝ። ዜማ ቤት ስድስት ዓመት ስቀመጥ አንዲት ሃሌ ሉያ አልቀና ብላኝ ቀረች። ሁሉም ድምፁን ዝቅ በሚያደርግበት ቦታ እኔ ሽቅብ እወጣለሁ። መምህሬ የኔታ ታገሡኝ፣ ታገሡኝና፣ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ለሁሉም ስጦታ አለው፤ ያንተ ግን ዜማ አይደለም» ብለው ከማሕሌት አስወጡኝ። ለቤተ ክርስቲያኑ እንጨት ፈላጭ ሆንኩ። ስንቱን ግንድ በኩርፊያ ፈለጥኩት!

ጠላት ሲመጣ የኔታና ምእመናኑ ታቦቱን ይዘው ገደሉ ሥር ካለው ዋሻ ገቡ። እኔ ከላይ ተደብቄ፣ ጠላት ሲሄድ እንድጠራቸው ታዘዝኩ። በአምስተኛው ቀን ሄደ፤ ጉም ግን አገሩን ዋጠው፤ ወደ ዋሻው መውረጃው ለእኔ አይታየኝ፣ እኔም ለእነሱ አልታይ። ደወል ደወልኩ፤ ማንም አልወጣም። በየስማቸው ተጣራሁ፤ ገደሉ የራሴን ጩኸት መለሰልኝ። ስንቃቸው እንዳለቀ አውቃለሁ፤ ሕፃናትም አብረዋቸው አሉ። ጭንቅ ሲለኝ ሳላስበው ያችን ሃሌ ሉያ ጀመርኩና እንደ ልማዴ ሽቅብ ወጣሁ።

ከጉሙ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ።

የኔታ ትከሻዬን ይዘው፣ «ደወሉንማ ባንዳም ይደውላል፤ ስማችንንም ይጠራል። ይህን ስሕተት ግን ካንተ በቀር የሚችለው የለም። ተመስገን!» አሉ።

እኔም እያለቀስኩ ተመስገን አልኩ፤ ዛሬም እላለሁ። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና አልኩና፣ «እንግዲያ የኔታ፣ ወደ ማሕሌት ልመለስ?» አልኳቸው።

«ተው ልጄ፤ ስጦታህን እናበላሸዋለን።»