ኮል የተደረገው የዓለምጌጥ ቦንድ

ዓለምጌጥ ከማታውቀው ቁጥር ስልክ ከምታነሳ እባብ ብታነሳ ትመርጣለች። «የታክስ መሥሪያ ቤት ነኝ» ባይ ሌባ አንድ ጊዜ ሳክሲ ከተማ ያለው ቤቷ ድረስ ደውሎ ካስለቀሳት ወዲህ ሕጓ ይኸው ነው። ሶ፣ ያ ደብዳቤ ሲመጣ ጥፋቱን ወዲያው ራሷ ላይ ለጠፈችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓለምጌጥ ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ከቲፕ ያጠራቀመቻትን ሃያ ሺህ ዶላር፣ ጉልበቷ «በቃኝ» ሲላት የምታርፍባትን ማለቴ ነው፣ በዋይሊ ከተማ በኩል ለአዳዲሶቹ ሰፈሮች ውሃ ለሚያስገባ ዲስትሪክት፣ ለውሃ መሥሪያ ቤቱ፣ በቦንድ አበድራ በየስድስት ወሩ ወለዷን ትቀበል ነበር። አሁን ደብዳቤው ቦንዱ «ኮልድ» ሆኗል፣ ኮል ተደርጓል ይላል።

«ኮል አድርገውኝ ነበር! አላነሳሁም!» አለች ብሬክ ሩም ውስጥ፣ ለሥራ ባልደረባዋ ለግዛቸው።

ግዛቸው ሰው ለማረጋጋት አልተፈጠረም። «ስንቴ ደወሉ?»

«እኔ ምን አውቄ! በቀን ከአሥር ቦታ ይደወልልኛል።»

«ካላነሳሽማ ባለቤት የለውም ብለው ይወስዱታል። አንድ የማውቀው ሰውዬ...»

«ዝም በል አንተ! የማታውቀው ሰው የለህም!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉንም አነሳች። የመኪና ዋራንቲ ሻጩን፣ ጣራ ጠጋኙን፣ ሁሉንም «ኦኬ፣ ስለ ውሃው ነው?» እያለች። በሳምንቱ ጣራ ጠጋኙ ስለ ጉልበቷ መጠየቅ ጀመረ። ከውሃው ግን የደወለ የለም።

ሲጨንቃት ታክስ ወደሚሠራላት ወደ ኖላዊ ሄደች። ደብዳቤውን አየና፣ «ይሄንን ኤማ ላይ እንየው» አላት።

«ኤማ ደግሞ ማናት?» ዓይኗን አጠበበች። «ሚስትህ ታውቃታለች?»

«ሴት አይደለችም እትዬ ዓለምጌጥ፣ ዌብሳይት ናት! የከተማው፣ የትምህርት ቤቱ፣ የውሃው ቦንድ ወረቀት የሚለጠፍባት። ለማንም ክፍት ናት፣ በነፃ።»

ከደብዳቤው ላይ የቦንዱን መለያ፣ ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበትን ዘጠኝ ምልክት፣ ገልብጦ አስገባ። ቦንዱ ሲሸጥ የወጣው ሰነድ፣ የዲስትሪክቱ የየዓመቱ ሒሳብ፣ ከሥሩም የኮሉ ማስታወቂያ ስክሪኑ ላይ ተዘረገፈ።

«ኮል ማለት እዚህ ላይ ስልክ አይደለም። ዕዳችንን ቀኑ ሳይደርስ እንክፈል ማለታቸው ነው። ይኸው፣ ሙሉ ሃያ ሺህዎ፣ እስከዚያ ቀን ካለው ወለድ ጋር፣ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ይከፈላል።»

«ሳላነሳ?»

«ሳያነሱ።»

ዓለምጌጥ ወንበሩ ላይ እንደ ሊጥ ፈሰሰች። ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡባት። «ግዛቸውን ግን እገድለዋለሁ» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

ከዚያ ድንገት ቀና አለች። «ቆይ፣ የየከተማው ዕዳ ሁሉ እዚህ ተዘርግቷል? ማንም ያያል?»

«ማንም።»

ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። «እስቲ የማኪኒ ከተማን ዕዳ ክፈትልኝ። እዚያ ቤት ከገዛች ወዲህ ሰላምታ ያቆመች አንዲት ሰው አለችኝ።»