አሜን ያላለው ሶፋ ሰሪ

ሶፋ ከውጭ ሲታይ ጨርቅ ነው፤ ሰው የሚቀመጠው ግን በማይታየው ነገር ላይ ነው። መጀመሪያ አናጢው የእንጨቱን አጽም ያቆማል። በላዩ ሰፊ ላስቲክ እንደ ወንፊት እየተጠላለፈ ይወጠራል። ከዚያ ስፖንጁ ይደረደርና ጨርቅ ይለብሳል። በመጨረሻ ሶፋው ተገልብጦ ግርጌው ላይ ስስ ጥቁር ጨርቅ በትንንሽ ሚስማር ይመታል። የሙያው ሰዎች ይህን «ሆዱን መዝጋት» ይሉታል። እንዴት ያለ ድንቅ ሥራ መሰላችሁ! ጥሩ እጅ የሠራው ሶፋ ላይ ቁጭ ስትሉ እናንተ ሳትናገሩ ወገባችሁ «እፎይ» ይላል።

የምነግራችሁ ሰው ሆድ ዘጊ ነበር። ቁመቱ ረዘም፣ አካሉ ቀጠን ያለ ስለሆነ ባልደረቦቹ «ወስፌ» ይሉታል። ስፖንጁን የሚሞላውም፣ ግርጌውን የሚዘጋውም እሱ ነው። የወርክሾፑ ባለቤት የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እህቱን ያሳደጋት እሱ ነው፤ በጉባኤያቸውም ሽማግሌ ሆኖ ሐሙስ ሐሙስ ስለ ደቀ መዝሙርነት ያስተምራል። ባልና ሚስቱ የሚኖሩትም በእሱ ግቢ፣ ጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ነው። ይህችን ልብ በሉ፤ የወስፌ ሥራም፣ መኝታም፣ ጸሎትም በአንድ ሰው እጅ ነበሩ።

ወርክሾፑ አንድ ልማድ አለው። ሆዱ ሲዘጋ ሁሉም መሣሪያውን ያስቀምጣል። ባለቤቱ እጁን ሶፋው ላይ ጭኖ «የሚቀመጡበት ይባረኩ፤ ጤና ያግኙ» ብሎ ይጸልያል። ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ድምፅ «አሜን!» ይላል። ገዢዎች ይህን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ደስ ቢላቸው አይፈረድባቸውም፤ የትኛው ሱቅ ነው መርቆ የሚሸኝ?

ሆዱ ውስጥ ያለውስ ምንድን ነው? ፊት ለፊት፣ ገዢ በመዳፉ ተጭኖ የሚሞክረው ቦታ ላይ አዲስ ስፖንጅ አለ። ከኋላና ከሥር ያለው ግን ከሆስፒታል ከተጣለ ፍራሽ የወጣ ነው። ታጥቦ፣ ተቆራርጦ፣ በማስቲሽ ተጣብቋል። ደም የነካው፣ ሽንት የነካው፣ ሰው ያረፈበት ስፖንጅ ነው። የሚሸጠው ደግሞ «ከላይ እስከ ታች አዲስ» እየተባለ ነው። ይህንን ነው እጅ ጭነው የሚመርቁት!

ወስፌ ለዓመታት እንዲህ እየሞላ፣ እንዲህ እየዘጋ ኖረ። በኋላ አመነ፤ ተጠመቀም። ያስተማረው ያው የሚስቱ ወንድም ነው። ሽማግሌው ጣቱን እየቀሰረ «ክርስቶስን መከተል ዋጋ ያስከፍላል! መስቀሉን ያልተሸከመ ተከተልኩ አይበል!» ሲል ሌላው ሰው አንገቱን ነቅንቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወስፌ ግን የምሩን መሰለው። ትምህርቱን ከመድረክ አውርዶ ወርክሾፕ ድረስ ይዞት መጣ።

መጀመሪያ ለብቻው አነጋገረው።

«ጋሼ፣ ይሄን የሆስፒታል ስፖንጅ ብንተወውስ?»

«ምን ሆነ? ታጥቧል እኮ።»

«ለሰው አዲስ ነው እያልን ነዋ።»

«አንተ ገና በእምነት ጨቅላ ነህ፤ ስታድግ ይገባሃል። እምነት ሌላ፣ ሙያ ሌላ። በል ሆዱን ዝጋ።»

አናጢው ይህን ሰምቶ መቀለጃ አደረገው። «ወስፌ፣ ለመሆኑ ጌታ ስፖንጅ ላይ ተቀምጦ ያውቃል? ምን አገባው?»

«እሱ እንኳ አናጢ ነበር» አለ ወስፌ። «የሙያ ወንድምህ ስለሆነ አንተው ጠይቅልኝ።»

ሁሉም ሳቁ። ወስፌም አብሮ ሳቀ፤ ሆዱንም ዘጋ፤ አሜንም አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አሜን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ትሰነቀርበት ጀመር።

አንድ ቀን አንዲት ልብስ ሰፊ ያዘዘችውን ወንበር ልትወስድ መጣች። ወንበሩ አልጋ ላይ ለዋሉት እናቷ ነው፤ ብዙ ከመተኛታቸው የተነሣ ጀርባቸው ቆስሏል፤ ቀን ቀን ደገፍ ብለው እንዲቀመጡበት ነው ያሠራችው። ወስፌ የመጨረሻዋን ሚስማር መታ። ባለቤቱ ደንበኛዋ ቆማ ስለምታይ ጸሎቱን አስረዘመው። «እናታችን በዚህ ወንበር ላይ ቁስላቸው ይሻር!»

«አሜን!» አሉ ሁሉም።

ወስፌ ዝም አለ።

ሴትዮዋ ሣቅ ብላ «ምነው ወንድሜ፣ ለእናቴ አሜን ነፈግካት?» አለችው።

«እትዬ፣ ውስጡን ሳያዩ አይውሰዱት» አላት። ወንበሩን ገለበጠው። ጉጠቱን አንሥቶ ገና የመታቸውን ሚስማሮች አንድ በአንድ ነቀለ። ጥቁሩን ጨርቅ ገለጠላት። ቢጫውን ስፖንጅ አየች፤ ጠጋ ብላ አሸተተችው፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች። እስኪመሽ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

የጉባኤው ሽማግሌዎች ወስፌን አስጠሩት። «የወንድምህን ገመና አደባባይ አወጣህ» አሉት።

«የሚቀመጡበት እኮ የቆሰሉ እናት ናቸው።»

«ፍቅር ይሸፍናል ተብለህ አልተማርክም?»

ልብ በሉ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንኳ «ስፖንጁ አዲስ ነው» አላለም። አንዱ እንኳ «እስቲ አምጡትና እንየው» አላለም። ስለ ስፖንጁ ምንም አልተጠየቀም! የተጠየቀው ስለተገለጠው ገመና ነው። ውሳኔያቸውም ይህ ሆነ፤ እሑድ በጉባኤው ፊት ቆሞ «ተሳስቼ ነው፤ ስፖንጁ አዲስ ነበር» ይላል። ካላለ ከሥራውም ከክፍሏም ይወጣል።

እስቲ ነገሩን ረጋ ብለን እንመርምረው። ሐሙስ ሐሙስ «ዋጋ ያስከፍላል» ሲባል የሚቆጠረው ምንድን ነው? ጎህ ሳይቀድ ለጸሎት መነሣት፣ መጠጥ መተው፣ መጾም። መልካም ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። እንዲያውም ይመሰገኑበታል፤ «እንዴት ያለ ትጉ ወንድም!» ይባልላቸዋል። ታዲያ የሚያስመሰግን ነገር ምኑ ላይ ነው ዋጋ ያስከፈለው? መስቀል ማለት ጉርሻህ የሚመጣበት ቦታ ላይ የሚጫን ነገር ነው። ያንን የተሸከመ ሰው ሲመጣ ደግሞ ስለ መስቀል ያስተማሩት ሰዎች ራሳቸው በሩን ያሳዩታል። ይህ ካላስቆጣ ምን ያስቆጣል?

ሚስቱም አልራራችለትም። ልብስ እያጠበች፣ ውሃውን እየረጨች ጮኸችበት። «አንድ ቃል እኮ ናት! አሜን! አፍህ ምን ሆነ? የት ልንገባ ነው? ወንድሜን በሰው ፊት አዋረድከው!»

«ተሳስቻለሁ ልበል?»

ልብሱን ጠመዘዘችው፤ ጠመዘዘችው።

እሑድ ደረሰ። እሷ የመዘምራን ልብሷን ለብሳ ከመድረኩ ጎን ቆማለች። ወንድሟ ማይኩን ለወስፌ ሰጠው። ወስፌ ማይክ ይዞ አያውቅም፤ ወደ አፉ በጣም አስጠግቶት ትንፋሹ አዳራሹን ሞላው።

«የተናገርኩት እውነት ነው» አለ። «ስፖንጁን ለዓመታት የሞላሁት በገዛ እጄ ነው። የገዛችሁ ሁሉ ይቅር በ…»

ማይኩ ጠፋ። አንድ እጅ ለመዘምራኑ ምልክት ሰጠ፤ መዝሙሩ ተነሣ። ወስፌ አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፁ ግን አይሰማም። ሚስቱም ዘመረች። እንባዋ ይወርዳል፤ ትዘምራለች። መዝሙር ማመስገኛ ነው፤ እውነት የተናገረን ሰው በመዝሙር ማፈን ግን ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሆነ የሚያስረዳኝ ባገኝ!

ከሰዓት በኋላ ዕቃቸውን ማውጣት ጀመሩ። ባል ከአልጋው ራስጌ፣ ሚስት ከግርጌው ይዘው በሩ ላይ ሲደርሱ ወንድሟ መጣ።

«እህቴ፣ አንቺ ቅሪ። ይሄ ቤትሽ ነው። እሱ ልቡ ሲመለስ ይመጣል።»

የያዘችውን ጫፍ መሬት አስነካችው።

«ጋሼ፣ ያንን ስፖንጅ በልጅነቴ በርሜል ውስጥ የማጥበው እኔ ነበርኩ።»

«አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?»

«ውሃው ሲቀላ ‹የጨርቅ ቀለም ነው› ትለኝ ነበር።»

ወደ መሬት አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያሳደገሽ እኮ ያ ስፖንጅ ነው» አላት።

«አውቃለሁ። ዝም ብዬ የኖርኩት ለዚያ ነው።»

ጎንበስ ብላ የአልጋውን ግርጌ መልሳ አነሣች። ወስፌ ደንግጦ ቆሞ ነበር።

«ቀጥል እንጂ አንተ! ክንዴ ሊገነጠል ነው» አለችው። አልጋውን ይዘው በጋሼ አጠገብ አለፉ።