ቀኑ ብቻ የሚቀየር መግለጫ

አክስቴ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው ወተት ፋብሪካ ውስጥ ነው። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ትባላለች፤ ኃላፊ ትባል እንጂ ከሥሯ ማንም የለም። ቢሮዋ ከደረጃው ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ወረቀት እየዋጠ የሚያስቸግር ፕሪንተር አሏት። እኔ ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ለሥራ በሄድኩ ቁጥር የእህቷ ልጅ መሆኔን በር ላይ ትቼ እንድገባ ታዘኛለች። ይህን ብላ ሳትጨርስ ደግሞ ምሳ በላህ አልበላህም እያለች ትጨቀጭቀኛለች።

በዚያ ፋብሪካ አንድ የሚያናድደኝ ልማድ ነበር። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ያጻፉት አንድ መግለጫ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል፦ «የተናፈሰው ወሬ ፍጹም መሠረተ ቢስ ነው፤ ምርታችን አስተማማኝ ነው።» መጥፎ ነገር በተሰማ ቁጥር ቀኑ ይቀየራል፣ አክስቴ ትፈርማለች፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ይላካል። ወተቱ ቀጠነ ሲባል ወጥቷል። የፋብሪካው መኪና የሰው አጥር ሲያፈርስም ያው መግለጫ ወጥቷል። አጥራቸው የፈረሰባቸው ሰውዬ ሲያነቡት ያሉት ነገር እዚህ አይጻፍም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የፋብሪካውን ወተት የጠጡ አሥራ አንድ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ታመው ሆስፒታል ገቡ። አሁን ሁሉም ድነዋል፤ ያኔ ግን ማን ያውቃል። የአክስቴ ስልክ እረፍት አጣ። የላቦራቶሪ ውጤት መጠበቅ ነበረባት፤ አልጠበቀችም። እጇ ለምዶባት ቀኑን ቀየረችና ላከችው። እኔም ፊርማዋን ሳይ ዓይኔን ጨፍኜ ዜና አደረግሁት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ውጤቱን ይዛ መጣች። አንዱ ማሽን በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ የእሁዱ ወተት ተበክሏል። ያ ወተት ገና በየቤቱ አለ፤ ሰዉም የሚጠጣው አስተማማኝ ነው ስለተባለ ነው። አክስቴ ውጤቱን ይዛ ወደ አሁኑ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ሄደች።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈሪ ናቸው። የጠራናቸው ጋዜጠኞች ከሰዓት ሲመጡ እያጣራን ነው እንበል፣ እስከ ሐሙስ ጠበቃ እናማክር አሉ። አክስቴ እስከ ሐሙስ ስንት ልጅ እንደሚጠጣ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ግን ያለ ፈቃዴ ከተናገርሽ ነገ ሥራ እንዳትመጪ አሏት።

ከሰዓት የፋብሪካው አዳራሽ በጋዜጠኞች ጢም ብሎ ነበር። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ፤ በአፌ ውሸት አስወርታኛለች ብዬ ተቆጥቼ፣ የሚያሳፍራትን ጥያቄ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌአለሁ። አክስቴ ባዶ እጇን ገባች። ያለ ወረቀት ስትናገር አይቻት አላውቅም።

«ትናንት የላክሁላችሁ መግለጫ ልክ አይደለም» አለች። «ሳላጣራ የላክሁት እኔ ነኝ። እሁድ የተመረተው ወተት ተበክሏል። ቤታችሁ ካለ ለማንም እንዳታጠጡ፤ ድፉት። የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፣ አልሄድም። መጀመሪያ ግን ይህቺን አሁኑኑ ለሰው አድርሱልኝ።»

ሁላችንም ስልካችን ላይ ተረባረብን። የጻፍኩትን ጥያቄ ሰረዝኩት፤ በአክስቴ ኮራሁ። ሁሉም ካስተላለፈ በኋላ አንድ የሬዲዮ ባልደረባዬ ይህን እንድትናገር ማን እንደፈቀደላት ጠየቃት። ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ቆመው ነበር።

«እኔ ነኝ የፈቀድኩት» አሉና መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ የተነገረው ውሸት ያ ብቻ ነው፤ እኔም አልዘገብኩትም።

ሁለቱ ተጋግዘው ለአንድ ሰዓት ተኩል ጥያቄ መለሱ። የማያውቁትን አናውቅም አሉ። አክስቴ ወላጆች እንዲደውሉ የራሷን ስልክ ቁጥር ሰጠች፤ ካሜራዎቹ ገና ሳይነሱ ስልኩ ጠራ። ወደ እሷ ተጠግቼ ስለነበር የደወለችው ሴትዮ ድምፅ ይሰማኛል።

«ለልጄ በጡጦ ሞልቼ ሰጥቼው ነበር» አለች ሴትየዋ። «ሬዲዮው አሁን ሲናገር ከእጁ ነጠቅሁት።»

«ጠጥቶታል?» አለች አክስቴ።

«ኧረ ገና አልቀመሰውም። አሁን ለምን ነጠቅሽኝ ብሎ እያለቀሰ ነው።»

እውነትም የልጁ ለቅሶ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። አክስቴ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችው፤ ሴትየዋም አልዘጋችባትም።