የኦቦ ለታ አሮጌ ጆይስቲክ

አምቦ ሳስተምር፣ እኛ መምህራን ከሥራ ስንወጣ ኦቦ ለታ ጌም ቤት ኳስ እንጫወት ነበር። የቤቱ ደንብ የተሸነፈ ይከፍላል ነው። ተጋጣሚ ያጣ ከራሳቸው ከኦቦ ለታ ጋር ይጫወታል። እሳቸው ታዲያ ደህናውን ጆይስቲክ ይይዙና ለደንበኛው ያቺን በፕላስተር የተጠቀለለች ያቀብሉታል። የሷ መምቻ ቁልፍ ሦስቴ ካልተጫኑት አይሠራም። ሁለት ዓመት ሙሉ እያጉረመረምን ከፈልን።

በመጨረሻ "እንዲህ ያለመድናቸው እኛው ነን" ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። አዲስ ካልገዙ ማንም ደጃፋቸውን አይረግጥም የሚል ነው። አሥራ አንድ መምህራን ፈረሙ። ኦቦ ለታ አንብበው "ቶሌ፣ እሺ" አሉ፤ በሳምንቱም ገዙ።

በአዲሱ የመጀመሪያውን ጨዋታ እኔ እንድጫወት ተመረጥኩ። ፈራሚዎቹ ከኋላዬ ቆመው እያዩ ኦቦ ለታ ስድስት ለባዶ አሸነፉኝ። ድሮ ስሸነፍ "ጆይስቲኳ ናት" እል ነበር፤ አሁን ግን በእጄ ያለው አዲሱ ነው።

ሰው ሲበተን ጠጋ ብዬ፣ "ኦቦ ለታ፣ ያቺን አሮጌዋን ጣሏት እንዴ?" አልኳቸው።

"ኧረ አለች" አሉኝ መሳቢያቸውን ከፍተው እያሳዩኝ። "ግን መምህር፣ ከፈራሚዎቹ አራቱ ቀድመውዎት ጠይቀዋል። ወረፋ ይጠብቁ።"