ላጲሴና የባሮኩ መደርደሪያ

እ.ኤ.አ. በ2021 ብርዱ ሊወጣ ሲል፣ በውጭ አገር በምኖርበት ከተማ ዳር፣ ግሮቭ ሲቲ ያለውን የመጋዘን ሥራ ትቼ፣ የሙዚቃ ወረቀት የሚቀመጥበት የአንድ ኦርኬስትራ ኖታ ቤት ሥራ ገባሁ። ኦርኬስትራው በወረርሽኙ ምክንያት ዓመት ሙሉ አልተጫወተም ነበር። ሥራውን ያገኙልኝ የኦርኬስትራውን የዕቃ መኪና የሚነዱት ጋሼ ታደለ ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ጠበቁኝ። «እዚህ የሚጮኽብሽ ሱፐርቫይዘር የለም» አሉኝ። «ያለው የሞቱ ሰዎች ወረቀት ነው። ዶሪስን ብቻ ፍሪ፤ እሷ በሕይወት አለች።»

ሚስ ዶሪስ የኖታ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ማስካቸውን አስተካክለው አራት መደርደሪያዎች ፊት አቆሙኝ። ኖታው የተደረደረው በዘመን ነው።

የመጀመሪያው ባሮክ ነው፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የነበረው። ፎልደሮቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ያኔ ተጫዋቹ ጥቂት ነበር። የዜማው ደራሲ ኖታውን ጽፎ ይተወዋል፤ የቀረውን ተጫዋቹ በልማድ ያውቀዋል። ሁለተኛው ክላሲካል ነው፤ ዜማው ጥርት ይላል፣ የደራሲው ምልክትም መብዛት ይጀምራል። ሦስተኛው ሮማንቲክ ነው፤ ፎልደሩ በሁለት እጅ ነው የሚነሣው። ተጫዋቹ በዝቷል፤ ደራሲውም «ቀስ»፣ «ጨምር»፣ «በኀዘን» እያለ በየመስመሩ ያዛል። አራተኛው የሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ እዚያ ኖታውን ጭራሽ ትቶ ሥዕል የሣለም አለ።

«ከሁሉ የቱ ይሻላል?» አልኳቸው።

«ሁሉም። ግን ዘመኑ በገፋ ቁጥር ደራሲው ተጫዋቹን ማመን ቀንሷል» ብለው ሳቁ።

የእኔ ሥራ የኪራይ ኖታ ማጽዳት ነበር። ቢጫ ወረቀት የተለጠፈበት ፎልደር ወደ ባለቤቱ ከመመለሱ በፊት ተጫዋቾች በእርሳስ የጻፉበት ሁሉ በላጲስ ይጠፋል። ብናኙ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። በሁለት ሳምንት እጄ ለመደ።

ዐቢይ ጾም ገባ። የኪራዩ ኖታ አለቀ፤ ሚስ ዶሪስም ለሦስት ቀን ዕረፍት ወጡ። ተቀምጦ መዋል ከበደኝና የባሮኩን መደርደሪያ ከፈትኩ። አንዱ ፎልደር ውስጥ ያሉት ስድስት የቫዮሊን ኖታዎች በእርሳስ ተሞነጫጭረዋል። አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ፤ መጽሐፍም ይገለብጡ ነበር። እኛ ቤት መጽሐፍ ላይ መጫር ትልቅ ነውር ነው። ቢጫው ወረቀት እንደሌለበት አይቻለሁ። ቢሆንም ደግ የሠራሁ መስሎኝ ስድስቱንም አጸዳሁ።

ሚስ ዶሪስ ረቡዕ ተመለሱ። ፎልደሩን ገለጥ አድርገው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«አልማዝ፣ ምልክቶቹ የት ሄዱ?»

«ቆሽሾ ነበር፤ አጸዳሁት።»

«ቆሻሻ አይደለም። የደጋን ምልክት ነው።»

አስረዱኝ። ቫዮሊን ተጫዋቾቹ ሁሉ አውታሩን የሚገዘግዙበትን ደጋን እኩል ወደ ላይ፣ እኩል ወደ ታች መሳብ አለባቸው። የባሮኩ ደራሲ ይህን አልጻፈም። የጻፉት የኦርኬስትራው መሪ ቫዮሊን ተጫዋች ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት እያረሙ፣ እየጨመሩ። እሳቸው በዚያው ዓመት በጥር አርፈዋል። ሌላ ቅጂ የለም። ከወረርሽኙ ወዲህ የመጀመሪያው ኮንሰርት የሚከፈተው በዚሁ ኖታ ነው፤ ልምምዱም ሰኞ ነው።

«ሥራውን እለቃለሁ» አልኩ።

«ብትለቂ ምልክቱ ይመለሳል?» አሉኝ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ጋሼ ታደለ ወደ ሰፈሬ ወደ ኖርዝላንድ ሲያደርሱኝ የሆነውን ነገርኳቸው፤ እሳቸውም «መጋዘን ሳለሽ የሰበርሽው ትልቁ ዕቃ ምን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«ቴሌቪዥን።»

«ዛሬ ክብረ ወሰንሽን አሻሻልሽ» አሉ። ቤቴ ደርሰን ስወርድ ግን፣ «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ።

ስጸልይ አባቴ ትዝ አሉኝ። የብራና ቀለም ሲደበዝዝ ገጹን በመስኮት ብርሃን ዘንበል ያደርጉና ብዕሩ የፋቀውን መስመር ያነባሉ። ከቃሉ በላይ ያለውን የዜማ ምልክትም እንዲሁ አድርገው መልሰው ይጽፉታል። ያኔ ገባኝ። እኔ በላጲስ ያጠፋሁት፣ አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጽፉ የኖሩትን ዓይነት ነገር ነው።

ሐሙስ ጠዋት ኖታውን መስኮቱ ጋ ወስጄ ዘንበል አደረግሁት። እርሳሱ ያረፈበት ጎድጎድ ብሎ ታየ። ሚስ ዶሪስን ጠራሁ። አጉሊ መነጽር አምጥተው አዩና እርሳሳቸውን ቀረጹ። እኔ «ወደ ታች፣ ወደ ላይ» እያልኩ አነባለሁ፤ እሳቸው ይጽፋሉ። ቅዳሜ ማታ ጨረስን። አንድ ቦታ ግን ደጋግሞ ከመታረሙ ብዛት ወረቀቱ ሳስቶ በስድስቱም ላይ አልነበብ አለ።

«ባዶ ይሁን። በግምት አንጽፍም» አሉ ሚስ ዶሪስ።

ሰኞ በልምምዱ ሰዓት ከሚስ ዶሪስ ጋር ከመድረኩ መጋረጃ ጎን ቆምኩ። ባዶው ቦታ መድረሱን ሲጠቁሙኝ በልቤ «እግዚኦ» አልኩ። ደጋኖቹ ሁሉ እኩል ወደ ላይ ሄዱ። ሚስ ዶሪስ ዞር ብለው አዩኝ። «ሠላሳ ዓመት ከሟቹ መሪያቸው ጋር ተጫውተዋል፤ ሳይጻፍም ያውቁታል» አሉ።

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሚስ ዶሪስንም አመሰግናለሁ። ለዚህ ሥራ አዲስ ለምትገቡ የምለው አንድ ነው፦ ምልክት ከማጥፋታችሁ በፊት የማን እንደሆነ ጠይቁ።

በማግስቱ ጠዋት ስድስቱን ኖታዎች አወረድኩ። ሚስ ዶሪስን አስፈቅጄ፣ በባዶው ቦታ ላይ ወደ ላይ የምትለውን ምልክት ጻፍኩ። እርሳሱን ጫን አድርጌ።